ከካቡ የወጣ ድንጋይ

ማረው እንከን ለማግኘት የተፈጠረ ሰው ነው። ይህን ማለት ስም ማጥፋት አይደለም፤ እንጀራውም ይኸው ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኮምቦልቻ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። የተሸመነው ጨርቅ ከሥሩ መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ እየተሳበ ሲያልፍ፣ አንዲት የሳተች ክር ወይም ጤፍ የምታህል የቅባት ጠብታ ካየ "ይመለስ!" ይላል። ለማንም አያዳላም። ሸማኔው ከማሽን ጋር ሲታገል የዋለ ይሁን፣ የታመመ ልጅ ቤቱ ጥሎ የመጣ ይሁን፣ ማረው የሚያየው ጨርቁን ብቻ ነው። ሠራተኞቹ "ጋሽ ይመለስ" የሚል ስም አወጡለት። እሱም ስሙን ሲሰማ አይቆጣም ነበር፤ እንዲያውም ደስ ሳይለው አይቀርም።

በእምነቱ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው፤ የሰፈሩ ሰው "ጴንጤው" ይለዋል። በጉባኤያቸው የኦሪት ትምህርት ለእሱ የተተወ ነው፤ ከሙሴ ሕግ ምን ተጽፎ የት እንደሚገኝ ጠይቀው ያጡበት ቀን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረደ እዚያ ያለችውን አነስተኛ ጉባኤ ያስተምራል። ስለ ጸጋም ያስተምራል እኮ። ብቻ ስለ ሕግ ሲናገር ድምፁም ጣቱም ይነሣል፤ ስለ ጸጋ ሲናገር ግን ሰዓቱን ያያል።

ቤቱ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ከአጥሩ ማዶ እንድሪስ ይኖራል። ገመድና ጆንያ ነጋዴ ነው፤ አብሮ አደጉ፣ ሁለት ዓመት ያህል ታላቁ። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለውን የድንጋይ ካብ አባቶቻቸው አብረው ነበር የካቡት፤ መካከሉ ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መሹለኪያ ትተውለታል። በዚያች መሹለኪያ ያላለፈ ነገር የለም። እሳት አልፏል፣ ጨው አልፏል፣ ሕፃን አልፏል። በዓል ሲሆን ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ያ የወሎ ደንብ ነው፤ ዳቦውና ፍቅሩ ግን የጋራ ነበር። ወንጌላውያኑ ከቤት ቤት ተደብቀው በሚጸልዩበት በደርግ ዘመንም፣ ወጣቱ ማረውና ጓደኞቹ መግቢያ ሲያጡ፣ የጆንያ መጋዘናቸውን የከፈቱላቸው የእንድሪስ አባት ነበሩ። "አላህን ሊለምን የመጣን ሰው ከደጄ አልመልስም" ብለው።

እንዲህ ያለ ጉርብትና በአንድ ቃል ፈረሰ። ቃሉን የተናገረው ደግሞ ማረው ነው።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ወደ ደሴ በተጠጋበት በዚያ ጥቅምት ነው። ማረው ሚስቱን ሣራን ይዞ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ሲወጣ የቤቱን ቁልፍ በእንድሪስ መዳፍ ላይ አስቀምጦ "ቤቴን አደራ" አለው። እንድሪስ "አላህ ያውቃል፣ የምችለውን" አለ። ረፋድ ላይ እንድሪስ ልጁን አሚርን ላከውና የሣራን የልብስ ስፌት መኪና አሸክሞ አስመጣ፤ ግቢው ውስጥ አባቱ በቆፈሩት አሮጌ የእህል ጉድጓድ አስገብተው ከደኑት። ሌላውን ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። ወዲያው እንድሪስ የታመሙ እናቱን ይዞ ከኮምቦልቻ ባሻገር ወዳለችው ወደ ደጋን ሄደ፤ አሚር ሁለቱን ቤት ሊጠብቅ ቀረ። ስልክ የለ፣ መንገድ የለ።

ማረው በታኅሣሥ ሲመለስ ያገኘው በጦርነቱ የተዘረፈ ባዶ ቤት ነው። የበሩ መዝጊያ እንኳ አልቀረለትም። እልህና ኀዘን አንቆት ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ማዕዘኑ ላይ ሻይ የምትሸጠው ኩኩ ቀረብ ብላ፣ "ጋሽ ማረው፣ እናንተ እንደሄዳችሁ አሚር የሣራን መኪና ተሸክሞ ሲወጣ አይቻለሁ" አለችው። እውነቷን ነው፤ አይታለች። ማረው ግን መሹለኪያዋን አልፎ አሚርን አልጠየቀም። በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። እዚያም "ያየ ሰው አለ ወይ?" አሉት። ኩኩ ደግሞ ምስክርነት ሲባል ፈርታ ሸሽታለች።

"እኔው ራሴ አይቻለሁ" አለ ማረው። "ልወጣ ስል በዓይኔ አየሁት።"

ከቤቱ የወጣበትን ሰዓት ከንጋት ወደ ረፋድ አሻገረው። በዚያ ሰዓት ይህ ውሸት ሆኖ አልታየውም። አሚር መስረቁን እርግጠኛ ስለነበር፣ እውነትን ትንሽ ያገዛት መሰለው። ዕድሜውን ሙሉ የሳተች ክር ሲያሳድድ የኖረ ሰው የራሱን ሳያይ አሳለፋት።

አሚርን ከመንገድ ወሰዱት። "መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አባቴ ደብቅ ብሎኝ ነው" ቢል ማን ይስማው? የሰረቀም ሰው የሚደብቀው ጉድጓድ ውስጥ ነው። አባቱ ከደጋን እስኪመለስና ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ያስደበቅሁት እኔ ነኝ ብሎ ጉድጓዱን እስኪያስከፍት ድረስ እዚያው ጣቢያ ታስሮ ከረመ። የአሚር ጋብቻ፣ ኒካሑ፣ የታሰበው በዚያው ወር ነበር። የታጨችለት ረውዳ የደጋን ልጅ ነች። አባቷ "ጎረቤቱን ለዘረፈ ልጅ ልጄን አልሰጥም" ብለው አፈረሱት። አሚር ተፈቶ ሲወጣ ወሬው ቀድሞት ደጋን ደርሶ ነበር፤ የመፈታቱ ወሬ ግን አልተከተለውም። ክፉ ወሬ መቼም እግሩ ፈጣን ነው።

መኪናው በእንድሪስ ሚስት በሳፊያ እጅ ተመለሰ። በራሷ የመስኮት መጋረጃ ጠቅልላ አምጥታ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው። "ሣራዬ፣ አደራሽን ተቀበይ" አለች። ማረውን ግን አላየችውም። እሱም ቤት ውስጥ ነበር፤ አልወጣም።

አሁን ይህን የሚያነብ ሰው "ያን ጊዜውኑ ሄዶ እግራቸው ላይ አይወድቅም ነበር?" ይል ይሆናል። ይላል እንጂ! ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ማረው በሳምንቱ "የእንድሪስ ዶሮዎች አስቸገሩኝ" ብሎ መሹለኪያዋን በድንጋይ ደፈናት። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ተንበረከከ፤ ለጌታ ሁሉንም ተናገረ፤ አለቀሰም። እንባው የእውነት ነበር፤ ይህን አንክድበትም። ሲነሣ ቀሎት ነበርና ለሣራ "ጌታ ይቅር ብሎኛል" አላት።

"እሰየው" አለች ሣራ። "አሚርንስ ጠይቆልሃል?"

ሣራ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ላይ አልተቀመጠችም። ስትጠየቅ "ይህ መጋረጃ የሳፊያ ነው፤ በአግባቡ ሳይመለስላት አልገልጠውም" ትላለች። ዓመታት አለፉ። የማረው ኮሌታ ሲተረተር እንኳ ፒያሳ ወስዶ ነው የሚያሰፋው። መኪናው ቤቱ መካከል በአበባማ መጋረጃ ተሸፍኖ ቆሟል፤ እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያርፋል።

አንድ ጊዜ ኪዳኑ የሚባል የጉባኤው ልጅ ከአጎቱ ጋር ተጣልቶ ኖሮ፣ እንደ አገሩ ደንብ ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሜ ልሂድ ብሎ ማረውን አማከረው። ማረው ጣቱን አነሣ። "በጸጋ የዳነ ሰው ድንጋይ አይሸከምም! ክርስቶስ ተሸክሞልሃል!" አለው። ኪዳኑ ሰምቶ ቀረ፤ ከአጎቱ ጋርም እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። የሚገርመው፣ ማረው ጸጋን እንዲያ በሙሉ ድምፁ ሲሰብክ የተሰማው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሳፊያና ሣራ በካቡ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሰላምታ መለዋወጣቸውን አልተዉም። በዚህ ዓመት ከወደዚያ የመጣው ወሬ ግን ከበድ ያለ ነበር። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ የእንድሪስ ቤት ከሚነሡት ውስጥ ገባ። እንድሪስ ደጋን ላይ የእናቱ ቦታ አለው፤ እዚያ ሊገቡ ነው። ሣራ ይህን ለማረው የነገረችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ለኮምቦልቻው ትምህርት ጃኬቱን ሲለብስ ነው።

"ነገ ይጭናሉ" አለችው። "ከነገ በኋላ ይቅርታ የምትጠይቀው ጎረቤት የለህም።"

"ትምህርቱ ይረፍድብኛል" ብሎ ወጣ።

ኮምቦልቻ ሞቃት ነች፤ ማረው ደሴ የለበሰውን ጃኬት እዚያ ሲደርስ ማውለቁ ልማዱ ነው። የዚያን ቀን የደረሱበት ክፍል ሙሴ ሁለተኛ ወደ ተራራው የወጣበት ታሪክ ነበር። ማረው ደግሞ ይህን ክፍል ይወደዋል። ሕዝቡ የወርቅ ጥጃ ሠርቶ ሲጨፍር ሙሴ ጽላቱን እንዴት እንደሰበረ ተረከላቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ልብ በሉ" አለ፣ "እግዚአብሔር ያን ጊዜ ያስጨነቃቸው በመብረቅ አይደለም። አገሩን ሂዱ ውረሱ፣ መንገዱም ይቃናላችሁ፣ እኔ ግን አብሬአችሁ አልሄድም ነው ያላቸው። የተቀየመ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አይሰድብህም፣ አይመታህም፤ አብሮህ መሄዱን ይተዋል። ሙሴም ምን አደረገ? አንተ ካልሄድህስ ከዚህ አታንቀሳቅሰን ብሎ ለመነ። ሁለት ድንጋይ ጠረበና ማልዶ ተሸክሞ ወጣ። እስቲ ንገሩኝ፤ በእኛ በወሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተቀየመ ሰው ደጅ የሚሄድ ምን ሊል ነው የሚሄደው?"

"ይቅርታ!" አለ ጉባኤው ባንድ ድምፅ።

"ይኸው! ሙሴ ሽምግልና ነው የወጣው!"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ማረው ራሱ ምሳሌው እንዴት እንዳማረ ገርሞት ፈገግ አለ። ቀጠለ። ሙሴ ክብርህን አሳየኝ ብሎ እንደለመነ፣ እግዚአብሔርም በዓለቱ ንቃቃት ሸሽጎ፣ እያለፈ መሐሪነቱንና ለቁጣ የዘገየ መሆኑን በስሙ እንዳወጀ፣ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ብቻ እንዳሳየው ነገራቸው። "ሙሴ የጠየቀው ክብርን ነበር፤ የታየው ግን ምሕረት ነው። የእግዚአብሔር ክብሩ ምሕረቱ ነው ማለት ነው" አለ። ይህችን እንኳ ከልቡ ነው ያላት።

ሊዘጋ ሲል አልታየች እጇን አነሣች። አልታየች ሽንኩርት ነጋዴ ነች፤ ዝም ብላ አድምጣ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ትወዳለች። "ጋሽ ማረው፣ ይቅር ከተባሉ በኋላ በአዲሱ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ሕግ ቀለል ያለ ነው?"

"የለም፣ ያው ነው" አለ ማረው ሳያስብ። "የፊተኛው ላይ የነበረው ነው እንደገና የተጻፈው። ይቅርታው አንድም ትእዛዝ አልፋቀም።"

"ዘጠነኛውም ስምንተኛውም እንዳለ?"

"እንዳለ" አለና መጽሐፉን ቶሎ ከደነ። ዘጠነኛው በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ነው። ጸሎቱን እንዴት እንደጨረሰ አያስታውስም።

ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ማረው ጥግ ይዞ ተቀምጦ ከገዛ ስብከቱ ጋር ይሟገታል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ጌታ ይቅር ብሎኛል ብሎ ሲኖር የገመተው፣ ዘጠነኛው ትእዛዝ ለእሱ ብቻ ከድንጋዩ የተፋቀለት ያህል ነበር። ለካስ ምሕረት ሕጉን እንደገና የሚያስጽፍ ነው። ለካስ ይቅር የተባለ ሰው ነው ድንጋይ የሚሸከመው፤ ያልተባለ ሰውማ መቼ ወደ ተራራው ይቀርባል? ይህን ለኪዳኑ በነገረው ኖሮ! እፍረቱ ጀርባው ላይ ላብ ሆኖ ወረደ፤ ውጪው ግን ብርድ ነው።

ፒያሳ ሲወርድ ካፊያ ጀምሯል። ሰው ሁሉ ባጃጁን ተሻምቶ ሄዷል፤ አንዲት ባጃጅ ብቻ ቀርታለች። ሹፌሩ አሚር ነው። ማረው እስከ ዛሬ ይችን ባጃጅ ባየ ቁጥር መንገድ ሲሻገር ኖሯል። ዛሬ የሚሻገርበት አጣ።

"ይግቡ ጋሼ" አለ አሚር ዞር ሳይል።

ገባ። ከኋላ ሆኖ የሚያየው የልጁን ማጅራትና ትከሻ ነው። በመሹለኪያዋ እየዳኸ ሲመጣ ያቅፈው የነበረ ልጅ ነው። ጸጉሩ ውስጥ ገና በሠላሳ ዓመቱ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። "አሚር" ሊል አሰበና በምትኩ የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ። ቤቱ ደጅ ሲወርድ አሚር መሪውን እንደያዘ፣ "ነገ እንሄዳለን ጋሼ። ደህና ሁኑ" አለው። በቃ ይህንኑ። ማረው በካፊያው ውስጥ ቆሞ የባጃጇን የኋላ መብራት አየ፣ አየ፣ ከዚያ ቤት ገባና "ሣራ፣ ያን መጋረጃ እጠቢው" አላት።

ሣራ ያኔውኑ አጠበችው።

እሑድ ጠዋት፣ ሌላው አማኝ ወደ ጉባኤ ሲሄድ ማረው ወደ ካቡ ሄደ። መሹለኪያዋን የደፈነባቸውን ድንጋዮች አያቸው፤ የትኛውን እንዳስቀደመ ሳይቀር ያውቃል። ከላይ ያለውን ትልቁን አወጣ። ከበድ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ማጅራቱ ላይ ያስቀመጠው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ነው፤ ስድሳ ዓመት ቀላል አይደለም። ሣራ የታጠበውንና የተተኮሰውን መጋረጃ ይዛ ተከተለችው። የቀሩትን አንሥቶ በመሹለኪያዋ ማለፍ ይችል ነበር፤ ግን በዋናው መንገድ ዞረ። የአሚርን ስም ያጠፋው በሰው ፊት ስለሆነ ሰው እንዲያየው ፈለገ።

የእንድሪስ ደጅ ሰው ሞልቶታል። የጭነት መኪናው ዳገቱ ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ሙሄዲን የሚባለው ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀምጧል። አልጋው፣ ምንጣፉ፣ የገመድ ጥቅሉ ወጥቶ ተደርድሯል። ጎረቤቱ ሁሉ ለማገዝ መጥቷል፤ ኩኩም ሻይ ልታድል ፔርሙሷን ይዛ ቆማለች። ማረው ከነድንጋዩ ሲመጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት።

ከደጁ ተንበረከከ። እንድሪስ የሚጫነውን ጆንያ እያሰረ ነበር፤ ቀና ብሎ አየውና ጀርባውን ሰጠው። ደንቡ ነው፤ የተበደለ ሰው ቶሎ ፊቱን አይመልስም።

"ሽማግሌ የለህም?" አለ እንድሪስ ጀርባውን እንደሰጠ።

"ሣራ ናት ሽማግሌዬ።"

"ካንተ የምትሻለዋን ነው ያመጣኸው።" ጆንያውን ማሰሩን ቀጠለ።

"እንድሪስ፣ ሙሴ እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ወደ ተራራው..." ብሎ ጀመረ ማረው። አመል መቼም አይለቅም፤ ተንበርክኮም ሊያስተምር ነው።

እንድሪስ ዞረ። "ነቢ ሙሳ የተሸከመው ለሌላው ጥፋት ነው" አለው። "አንተ የተሸከምከው ያንተኑ ነው። ከሱ ጋር አትስተካከል። ያጠፋኸውን ተናገር።"

ይህ እንደ በትር አረፈበት። ስብከቱ ከላዩ ረገፈና ባዶውን ቀረ። ድንጋዩ እንደተጫነው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ።

"አላየሁም። አሚር መኪናውን ሲያወጣ አላየሁም። ጎህ ሳይቀድ ነው የሄድኩት፤ ቁልፉን በእጅህ ሰጥቼ። በዓይኔ አየሁ ያልኩት ውሸት ነው። ልጅህ አደራዬን ሲጠብቅ ነበር፤ እኔ ሌባ አሰኘሁት። ከዚያም አፍሬ መሹለኪያውን ደፈንኩ። የዶሮ ነገር አልነበረም።"

ኩኩ ፔርሙሷን መሬት አስቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እንድሪስ ጢሙን ያዘ። ሊናገር ሲል የሙሄዲን ጩኸት አቋረጠው።

"ታኮ! ታኮ አምጡ! ወደ ኋላ እየሄደ ነው!"

መኪናው በዳገቱ መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ሰው ተበተነ። አሚር ከቤት ውስጥ ሳጥን ይዞ ሲወጣ ሁሉንም ሰምቷል፤ ሳጥኑን ጣለ፣ ዙሪያውን አየ፣ ሮጦ መጥቶ ከማረው ማጅራት ላይ ድንጋዩን በሁለት እጁ ነጠቀና ከኋላው ጎማ ሥር ወሸቀው። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ማረው እንደተንበረከከ ቀረ። በአገሩ ደንብ ድንጋዩን ከላይህ ያነሣልህ ሰው ይቅር ብሎሃል ማለት ነው። ይህ ግን ለይቅርታ ተነሣ ወይስ ለጎማ? ማንን ይጠይቅ? ሰዉም እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። መጀመሪያ የሳቀችው ሳፊያ ናት፤ አፏን በሻርፗ ይዛ። ከዚያ እንድሪስ ሳቁ አመለጠው።

"ያረቢ!" አለ። "አላህ እኔን መጠበቅ ሰለቸው መሰለኝ፣ ራሱ አነሣልህ። ተነሥ። በኔ በኩል አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን የተበደለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የልጁን ከልጁ ጠይቅ።"

ማረው ተነሣና ወደ አሚር ዞረ። አሚር እጁ ላይ ያለውን አፈር እያራገፈ ነበር። አልሳቀም።

"ጋሼ" አለ፣ "ረውዳ አግብታ ወልዳለች። እሷን ይመልሱልኝ አልልም። ግን ዛሬ የምንሄደው ደጋን ነው። አባቷ እዚያ አሉ። እስከ ዛሬ ሌባ ነው ይላሉ፤ ሰፈሩም ያምናቸዋል። እኔ እዚያ ልኖር ነው።" ወደ ማረው ቀረብ አለ። "አሁን ያሉትን እዚያም ይሉልኛል?"

ማረው የጠበቀው ወይ ይቅርታ ወይ ቁጣ ነበር። ይህን አልጠበቀም። በሚያውቁት የደሴ ጎረቤቶቹ ፊት መውደቅ አንድ ነገር ነው፤ በማያውቀው አገር፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት "ውሸታም ነኝ" ብሎ መቆም ግን ሌላ ነው። ጸጋ ሲባል የሚያወርድለትን እንጂ የሚያሸክመውን አስቦ አያውቅም። ወደ ሣራ አየ። ሣራ መጋረጃውን ለሳፊያ እያስረከበች ነበር፤ ሁለቱም እያለቀሱ ስለነበር እሱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

"እላለሁ" አለ።

"እንግዲያስ አብረውን ይውረዱ።"

ይህን ቃል ሲሰማ ማረው እንባውን መያዝ አልቻለም። ትናንት አዳራሹ ውስጥ ያስተማረው ሁሉ ይህች ብቻ ነበረች፤ አብሬህ አልሄድም ያለ ሰው፣ አብረኸኝ ሂድ ብሎ ሲመለስ። ክብርን በተራራ ላይ በደመና ውስጥ ሲፈልጋት፣ ዳገት ላይ በቆመ የጭነት መኪና አጠገብ፣ እጁ አፈር ከነካው ልጅ አፍ ሰማት። ለሰው ግን አልተናገረውም፤ ስብከት አሁን ይበቃዋል።

ዕቃው ተጭኖ አለቀ። እንድሪስ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ ሲጨርስ ማረውን "አንተም ባንተው በል" አለው፤ ማረውም አጭር ጸሎት ጸለየ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ አጭር ጸልዮ አያውቅም። እንድሪስና ሳፊያ ከሾፌሩ አጠገብ ገቡ። ማረው በሰው ድጋፍ ከኋላ ከዕቃው መካከል ወጣ። ሙሄዲን ማርሽ ሲያስገባ አሚር ከጎማው ሥር ድንጋዩን ስቦ አወጣ፣ ወደ ማረው አቀበለውና ራሱ ዘሎ ወጣ።

"ይህንንስ ለምን ትጭነዋለህ?" አለው ማረው።

"ደጋንም ይፈለጋል፤ ሰው ደጅ ባዶ እጅ ይሄዳሉ እንዴ?" አለ አሚር።

ሣራ ከደጅ ቆማ እጇን አወዛወዘች። መኪናው ከሰኞ ገበያ ወጥቶ ሐረጎን መውረድ ጀመረ። ማረው ድንጋዩን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጧል፤ ዕቃው ይንገጫገጫል፣ ንፋሱ ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ መኪናው ሲያጋድል ድንጋዩ ከእቅፉ ሸርተት አለና እግሩ ላይ ሊወድቅ ሆነ። አሚር ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ እጁን ዘርግቶ አንዱን ጫፍ ያዘ። ጥምዙ አለፈ፤ መንገዱ ቀና። አሚር እጁን አላነሣም። ኮምቦልቻን አልፈው ሙቀቱ ሲቀበላቸውም፣ ድንጋዩን በሁለቱም ጫፍ እንደያዙት ነበሩ።